የማራጋዳም ጠረጴዛ

ማራጋዳም ወሬውን የሰማችው ገና ከአልጋዋ ሳትነሣ ነው። አልጋዋ ያለው ከሳሎኑ ጥግ ነው። ከማድቤቱ የሚለያት አንድ መጋረጃና አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቤት ውስጥ የሚንሾካሾክ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቷል። የወንድሟ ሚስት ኮኪላ ኢድሊ የሚሉትን የሩዝ ዳቦ ከእንፋሎቱ እያወጣች ትሪ ላይ ስትደረድር፣ የጎረቤት ሞተር ብስክሌት አልነሣ ብሎ ሲያጓራ፣ የውሃ ቦቴ የሚነዳው ወንድሟ ኤሉማላይ ጓሮ ሆኖ ሲጉመጠመጥ ይሰማታል። ከዚያ የወንድሟ ልጅ ያዢኒ ወደ ማድቤቱ ገባች።

"ዛሬ የአክስቴን ጠረጴዛ ያነሡታል" አለች ያዢኒ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አንሥተው የት ያደርጉታል?"

"የትም። ከእንግዲህ አያስፈልግም። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ እማ፤ ሥራ አስኪያጁ ተቀብሎታል። ከምሳ በኋላ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይሸልሙኛል።"

የኮኪላ ማንኪያ ከድስቱ አፍ ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

"ለሷስ ማን ነገራት?"

"ማንም። ስብሰባው ላይ ትሰማለች። እኔ ምን ብዬ ልንገራት?"

"እንግዲህ ተያት። በባዶ ሆዷ ከምትሰማው በልታ ትሂድ። በይ ሳይበርድ ጥሪያት።"

ጠረጴዛ የተባለው ከስሪፔሩምቡዱር አውራ ጎዳና ዳር ባለው የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማራጋዳም ፀጉሯ ሳይሸብት ጀምራ የተቀመጠችበት የማስተካከያ ጠረጴዛ ነው። ልጃገረዶቹ በመስመሩ ላይ ተደርድረው ጥቃቅኑን ዕቃ ቦርድ በሚሉት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ይሰካሉ፤ በፍተሻ የወደቀው ቦርድ በቀይ ሳጥን ተደርጎ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷ በአጉሊ መነጽር አይታ፣ በካውያ ብየዳውን ፈትታ፣ መልሳ በይዳ ትልከዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ያዢኒ ደግሞ እዚያው ፋብሪካ፣ ፎቁ ላይ በመስታወት በተከለለው የጥራት ክፍል ከተቀጠረች ዓመት ሊሆናት ነው። ያስቀጠረቻት ማራጋዳም ናት ማለት አይቻልም፤ ልጅቷ በትምህርቷ ነው የገባችው። ትምህርቷን ግን ማን እየከፈለ እንዳስተማራት ቤቱም ጎረቤቱም ያውቃል።

ያዢኒ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ "አክስቴ፣ ቁርስ ደርሷል" ስትላት ማራጋዳም ዓይኗን ጨፍና ጠበቀቻት። ከዚያ አሁን ገና እንደ ነቃ ሰው ሳል ሳል አለች፣ ፊቷንም በእጇ አበሰች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ለራሷም አልገባትም። ሰምቻለሁ ማለት እንዴት ቀላል ነበር፤ እግሯን መሬት ሳታስነካ እዚያው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልትለው ትችል ነበር። ግን የሰው ገመና ሰርቃ ያዳመጠች ያህል ያፈረችው እሷ ሆነች።

ቁርሱን በሉ። ኮኪላ ከወትሮው የበለጠ የኮኮናት ማባያ ጨመረችላት። ያዢኒ በጠባይዋ ቆማ፣ በአንድ እጇ ስልኳን እየነካካች ነው የምትበላው፤ ዛሬም እንደዚያው ነበረች፤ ግን ስልኩ እንዳልበራ ማራጋዳም አየች። ኤሉማላይ ስለ ዝናቡ አወራ። ሐይቁ ሞልቷል፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ ውሃ በየደጁ እየወረደ ቦቴ የሚያዝ ሰው ጠፋ አለና ብቻውን ሳቀ። ኮኪላ ከበር ላይ ነጋዴ የገዛችውን ለፀጉር የሚሰካ የጃስሚን አበባ ጉንጉን ለሁለት ስትቆርጥ ሁልጊዜ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለያዢኒ ነው። "በዚህ ዝናብ ክንዱን ስልሳ ሩፒ አስገቡት እኮ፣ ያብዳሉ" እያለች ዛሬ የራሷን ድርሻ ለማራጋዳም አቀበለቻት። ማራጋዳም "ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ኮፍያ ውስጥ ነው የሚውለው" አለች። ኮኪላ ግን ከወንበሯ ተነሥታ ራሷ ሰካችላት። ጣቶቿ ፀጉሯ ውስጥ ትንሽ ቆዩ።

አክስትና ልጅ ወደ አንድ ፋብሪካ በሁለት መኪና ነው የሚሄዱት። የቢሮ ሠራተኞችን የሚወስደው ነጭ መኪና እስከ ደጅ ይመጣል። የመስመር ሠራተኞች ሰርቪስ ግን ከቤተ መቅደሱ ማዶ ካለው መገንጠያ ስለሚነሣ ማራጋዳም ሣሪዋን ከጭቃ ሰብሰብ አድርጋ ቀድማ ወጣች። በመንገዱ ግራና ቀኝ በፊት የሩዝ ማሳ የነበረው አሁን መጋዘን ነው፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ደግሞ የሴት ሠራተኞች ማደሪያ ፎቅ፣ በየመስኮቱ የሰማያዊ ዩኒፎርም ስጥ። ሰርቪሱ እዚያ ሲቆም ከሩቁ የኦዲሻ ክፍለ ሀገር የመጡት ልጃገረዶች በጥድፊያ ይገባሉ፣ በቋንቋቸው ይንጫጫሉ፣ ማራጋዳምን ሲያዩ "አካ" ብለው ይሰግዱላታል፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ከአካባቢው ቃል መጀመሪያ የሚለምዱት ይህንን ነው። ዛሬም "አካ" አሏት። አጠገቧ ያለው ወንበር ግን ክፍት እንደሆነ ፋብሪካ ደረሱ። ሆን ብለው ይሁን አይሁን አታውቅም። ሰው አንድ ነገር ከሰማ በኋላ ሁሉም ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል።

ፋብሪካው ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ በሌላ ይለወጣል፣ ፀጉር በኮፍያ ይሸፈናል፣ ከዚያ አቧራ የሚያራግፈው የአየር መታጠቢያ በር ሽው ብሎ ይከፈታል። የጠዋቱ ስብሰባ በቁም ነው። የመስመሩ ኃላፊ የትናንቱን ቁጥር ያነባል፤ ስንት ቦርድ ተመረተ፣ ስንቱ ወደቀ፣ ስንት ቆሻሻ ወጣ፣ ስንቱ ተለይቶ ለመልሶ መጠቀሚያ ሄደ። ካይዘን የሚሉት ብክነት የመቀነስ አሠራር ከገባ ጀምሮ የወደቀው ቁጥር በየሳምንቱ ያንሳል፤ ባነሰ ቁጥር ይጨበጨባል። ማራጋዳምም ታጨበጭባለች። ደስ እያላት ነበር የምታጨበጭበው፣ በግድ አልነበረም። አዲስ ልጅ በገባች ቁጥር እጇን ይዛ ያስተማረቻት፣ ዕቃው እንዴት እንደሚያዝ፣ ጣት የት እንደማይነካ ያሳየቻት እሷ ናት። ግድግዳው ላይ ብክነቶች የሚዘረዝር ትልቅ ሥዕል የተሰቀለ ጊዜ አንብባ "መጠበቅ ብክነት ነው፣ መመላለስ ብክነት ነው፣ ድጋሚ መሥራት ብክነት ነው... ኧረ እኔን ነው የሰቀሉኝ!" ብላ ልጃገረዶቹን አስቃቸው ነበር። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል፣ በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ያኔ እውነትም የሚያስቅ ነገር ነበር።

ዛሬ ቀይ ሳጥኑ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነው የመጣው። ካውያዋን አሞቀች፣ የመጀመሪያውን ቦርድ ከመብራቱ ሥር አደረገች። ጭሱን የሚስበው ቱቦ በጆሮዋ ሥር እንደ ንብ ያዜማል። በድሮ ጊዜ ቱቦም አልነበረ፤ ጭሱን እየማጉ ነው የሠሩት፣ ሳሏ የዚያን ጊዜ ነው። እጇ ሥራውን ሲሠራ ልቧ ወደ ማታ ማታው ጨዋታ ሄደ። ያዢኒ ሥራ ከያዘች በኋላ ከእራት ወዲያ መጥታ ከአልጋዋ ጫፍ ቁጭ ማለት ጀምራ ነበር። ልጅቷ ካደገች፣ በሯን መዝጋት ከለመደች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ቀርቶ ነበርና ማራጋዳም ደስታዋን መደበቅ አቃታት። "አክስቴ፣ ዛሬ ምን ዓይነት ቦርድ መጣልሽ?" ትላታለች። "ለምን ይመስልሻል እንደዚያ የሚሆነው?" ማራጋዳም ታወራለች። የስንተኛዋ ልጅ ወንበር ዝቅ ስለሚል እጇ እንደሚዛነፍ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየትኛው መስኮት ገብታ ዓይን እንደምታጭበረብር፣ የትኛው ሣጥን ከሩቅ ስለተቀመጠ ልጆቹ ሲቸኩሉ እንደሚሳሳቱ። የሆዷን ዘርግፋ ትነግራታለች። በሳምንቱ ወንበሩ ከፍ ይላል፣ መስኮቱ መጋረጃ ይገባለታል፣ ሣጥኑ ይቀርባል። ማራጋዳም ይህን ስታይ የወንድሟ ልጅ ቃሏን እየሰማችላት መሆኑ ብቻ ነበር የሚታያት። ቀይ ሳጥኑ እየቀለለ መሄዱን አላየችም አይባልም፤ አይታለች። ግን ያንን ከዚያ ጋር አላያያዘችውም።

በሻይ ዕረፍት ኑርጃሃን መጣች። ኑርጃሃን የመጨረሻው መሰኪያ ላይ የምትሠራ፣ ባሏ ዱባይ ያለ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ከማራጋዳም ጋር የተዋወቁት ሁለቱም ገና ቀጭን ሳሉ ነው። በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዛ ከጠረጴዛው ጫፍ ተደገፈችና ግራ ቀኝ አየች።

"ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ማን ነገረሽ? ልጅቷ ናት?"

ማራጋዳም ካውያውን በእርጥቡ ስፖንጅ ጠረገችው። "ከቤት ነው የሰማሁት" አለች።

"ደግ አደረገች፣ ቢያንስ ነገረችሽ። እኔማ ልጅቷ ዓይን አውጣ ናት ብዬ ስረግማት ነው ያደርኩት፣ ማሪኝ በያት።" ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። "ስሚኝማ አካ። እነዚህ ሰዎች ቁጥር ነው የሚያዩት አይደል? ቁጥር እኛ እንሰጣቸዋለን። በቀን ትንሽ ትንሽ የዕቃ እግር ላጣምምልሽ። እኔ አንድ ሁለት፣ አጠገቤ የምትሰካው ቫሳንቲ አንድ ሁለት። ጠረጴዛውን ያነሡት እንደሁ በሳምንቱ እየለመኑ ይመልሱታል።"

ማራጋዳም ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኗ ሳጥኑ ውስጥ ወደቀረው ቦርድ ሄደ። የዕቃዋን እግር ለማጣመም የጥፍር ጫፍ ይበቃል። በቀን ጥቂት ቦርድ ቢወድቅ ማን ይጎዳል? ተስተካክሎ ይሄዳል፤ እሷው ታስተካክለዋለች። ይህን ስታስብ ጆሮዋ ጋለ። ኑርጃሃን መልሷን እየጠበቀች ነው። ከፋብሪካው ሁሉ ለእሷ ብላ ጥፋት ልትፈጽም የተነሣች ብቸኛዋ ሰው ናት።

"አሁን እኮ እያንዳንዱ ስህተት ከየት ወንበር እንደመጣ ማሽኑ ይናገራል" አለች በመጨረሻ። "እኔን እመልሳለሁ ስትይ ራስሽን ታስወጫለሽ። ደግሞ እኔ ያስተማርኩት እጅ ሲያጣምም ማየት አልፈልግም።"

"እሱማ የተረገመ ማሽን ነው።" ኑርጃሃን ሻይዋን ጨለጠች። "እሺ እንግዲያው ቢያንስ አልቅሺ። ሰው ፊት አልቅሺና ይፈሩ።"

"ለቅሶ ቢመጣልኝ አልጠላም ነበር" አለች ማራጋዳም።

ከምሳ በኋላ መስመሩ ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ ወለሉ ላይ በተሰመረው ቢጫ መስመር ዙሪያ ተሰበሰበ፣ የጥራት ክፍል ሰዎች ከፎቅ ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ ፓርታሳራቲ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሲናገር እጁን ከኋላው ያጣምራል። ስህተትን ከማረም ስህተትን አለመሥራት እንደሚበልጥ፣ ያልተበላሸ ቦርድ ማለት ያልባከነ ብረት፣ ያልተቃጠለ መብራት፣ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ያልሄደ መርዝ ማለት እንደሆነ ተናገረ። እውነቱን ነው። ማራጋዳም ከሚለው ውስጥ ሐሰት የምትለው ነገር ፈልጋ አጣች፤ ቢኖር ኖሮ እሱን ይዛ ትናደድ ነበር። ከዚያ ያዢኒን ጠራት። ልጅቷ አዲስ ቢጫ ቀሚስ ከነጭ ጋዋኗ ሥር ለብሳ ነበር፤ ስታፍር እንደ ሕፃንነቷ አንገቷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶባታል። የምስክር ወረቀትና በወርቅማ ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ሰጧት፣ ድምፅ ማጉያውንም አቀበሏት። ያዢኒ አለቆቿን አመሰገነች፣ የሥራ ጓደኞቿን አመሰገነች፣ "እዚህ ያደረሱኝን አባቴንና እናቴን" አለች። ከዚያ ዓይኗ ሰዉን ሲዞር ከማራጋዳም ላይ አረፈ። አፏ ተከፈተ። የሆነ ነገር ልትል ነበር፣ ሁሉም አየ። ግን ድምፅ ማጉያው ጮኸ፣ ጆሮ የሚወጋ ጩኸት፣ ያዢኒ ደንግጣ መለሰችው፣ ሰዉም አጨበጨበ። ማራጋዳምም አጨበጨበች፤ እጇ ልማዱ ነው።

ሁለት ወንዶች ጠረጴዛውን አነሡት። ከሥሩ የነበረው ወለል ከሌላው ነጣ ብሎ በአራት ማዕዘን ቀርቶ ነበር፣ አቧራም አልነበረበትም። አንዲት ልጅ መጥረጊያ ይዛ መጥታ የሚጠረግ ነገር አጥታ ቆመች።

የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊው ወጣት ነው፣ ያዢኒን የሚያህል። "ማራጋዳም አማ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" ብሎ፣ እናቴ እንደማለት፣ ራሱ ወንበር ሳበላት፤ ውሃ አስመጣላት። አነጋገሩ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ነበር። ሁለት መንገድ አለ አላት። ተሰናብታ የሚገባትን ሁሉ ወስዳ ማረፍ ትችላለች፣ ለዕድሜዋም ለሳሏም ይሻላል፤ ካልሆነ ደግሞ ከግቢው ጀርባ አዲስ መጋዘን ተከፍቷል። ያረጀና የተበላሸ ዕቃ ከደንበኛ ተመልሶ የሚመጣበት፣ ተፈታቶ ብረቱ ከብረት፣ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ የሚለይበት ነው። "አሁን ሕጉ የሸጥነውን መልሰን እንድንሰበስብ ያስገድደናል" አለ። "ሰው ገና አልመደብንም። ለጊዜው ብቻዎን ነው የሚሆኑት።" ይህንን የመጨረሻውን ሲል ዓይኑን ወደ ወረቀቶቹ መለሰ። ማራጋዳም "ቦታውን ልየው" አለች።

መጋዘኑ ከውሃ ማጣሪያው ገንዳዎች አለፍ ብሎ ነው። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበርና ኃላፊው በጥላ ሊሸኛት ሲል እምቢ ብላ ሣሪዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጣራ፣ አዲስ ቀለም፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ወገብ የደረሱ ሣጥኖች፣ ውስጣቸው ቦርድ ብቻ፤ አንዳንዱ የተቃጠለ፣ አንዳንዱ ሸረሪት ያደራበት፣ አንዳንዱ ምንም ያልሆነ። ጣራው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ከሣጥኑ አንድ ቦርድ አነሣች፤ ሞዴሉን ታውቀዋለች፣ ከብዙ ዓመት በፊት ነው የሠሩት። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በእጇ እንዳለፈ ማን ያውቃል። ገልብጣ የራሷን ብየዳ ፈለገች። ሌላም አነሣች። ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ ዓይኗን አጥብባ እያንዳንዱን ነጥብ አየች። አላገኘችውም። ኋላ ነው የታወሳት፤ ድሮ ለልጆቹ የምትላቸው ራሷ ናት፣ ጥሩ ማስተካከያ ማለት ማንም እንዳልነካው የሚመስል ነው ትላቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ማንም እንዳልነካው የሚመስል ሥራ ስትሠራ ኖራለች። ቦርዱን መልሳ ሣጥኑ ውስጥ ስታስቀምጠው ሆድ ባሳት፣ ግን አሁንም እንባ አልመጣም።

ያዢኒ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ጋዋኗ ከትከሻው ጀምሮ ርሷል፣ ጥላ አልያዘችም። ወዲያው አልገባችም።

"አክስቴ።"

"ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ።"

ገባች፤ የምትቀመጥበት ስላልነበር ሣጥን ተደግፋ ቆመች። "ልነግርሽ ነበር" አለች። "በዚህ ሳምንት በየቀኑ ልነግርሽ ነበር።"

"ጠዋት ከእናትሽ ጋር ስታወሩ ሰምቻለሁ።"

ያዢኒ ቀና አለች። "ጠዋት? ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቺስ?"

ዝናቡ ትንሽ ጠንከር አለ። ያዢኒ የጋዋኗን ቁልፍ ትፈታለች፣ ትቆልፋለች። "ጭሱ ይጎዳሻል ብዬ ነው" አለች። "ታርፊያለሽ ብዬ። ውሸት ይምሰልሽ፣ ግን እንደዚያም አስቤ ነበር።"

"አምንሻለሁ።" ማራጋዳም ድምፅዋ ደከም ብሎ ነበር። "ጠረጴዛው መነሣት ነበረበት። እኔንም ብትጠይቂኝ ይነሣ ነው የምልሽ፣ አብሬሽ አነሣው ነበር። እኔን የቆረቆረኝ እሱ አይደለም። በየማታው መጥተሽ ከአልጋዬ ጫፍ ስትቀመጪ ጨዋታ ፈልገሽ መስሎኝ ነበር።"

ያዢኒ ቶሎ ብላ "እንዴ፣ ጨዋታ ፈልጌ ነው" ብትል ማራጋዳም ትጠላት ነበር። አላለችም።

"መጀመሪያ ጨዋታ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "በኋላ ጠቀመኝ። ከዚያ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።"

ማራጋዳም ራሷን ነቀነቀች። እውነት ነው፤ እውነት መሆኑም አላቀለለላትም። ቢቻላት ልጅቷ እንድትሄድላት ፈለገች፣ ደግሞ እንዳትሄድባት ፈለገች። ያዢኒ የሰርቪሷ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሄደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ እጇን አነሣች። ማራጋዳም ወደ ሰው ሀብት ክፍል ተመልሳ መጋዘኑን እወስዳለሁ አለች። ወጣቱ ደስ አለው፣ ወይም ተገላገለ።

ቤት ስትገባ ከደጅ ጀምሮ የዓሣ ወጥ ሸተታት። ማክሰኞ ነው፤ በዚያ ቤት ማክሰኞ ዓሣ ተሠርቶ አያውቅም። ኮኪላ ቫንጃራም የሚባለውን ዓሣ ነው የገዛችው፣ ሰው ለበዓል እንኳ ዋጋውን ጠይቆ የሚያልፈውን፤ በጎምዛዛው የተምር ሂንዲ ፍሬ መረቅ አብስላ ከሩዙ ጋር አቀረበች። ያዢኒ ራሴን አሞኛል ብላ በሯን ዘግታ ተኝታለች። ኤሉማላይ ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን ከማራገቢያው ሥር ያለውን ቦታ ለቆ "አካ፣ እዚህ ሁኚ፣ እዚህ ይነፍሳል" አላት። ኮኪላ ከወጡ ውስጥ መካከለኛውን፣ እሾህ የሌለበትን ትልቅ ቁራጭ መርጣ ሳህኗ ላይ አደረገች፤ ቆማም እስክትቀምስ ጠበቀች። ማራጋዳም ይህን አስተናገድ ታውቀዋለች። ከማዱራይ የሚመጡትን የኮኪላን ዘመዶች ስታስተናግድ አብራት ስትላላክ ኖራለች። ቦታ መልቀቅ፣ መካከለኛውን ቁራጭ መስጠት፣ ቆሞ መጠበቅ ለማን እንደሚደረግ ታውቃለች።

"ጣፍጧል" አለች።

"አካ" አለ ኤሉማላይ፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ፣ "እንግዲህ ቤት ብትውዪ ምን ይመስልሻል። እስከ ዛሬ የለፋሽው ይበቃሻል። ምንም አይጎድልብሽም።"

"ሌላ ቦታ ሰጥተውኛል። ከነገ ጀምሮ እዚያ ነኝ።"

"የት?"

"ከግቢው ጀርባ። የሚመለሰውን ዕቃ መፈታታት ነው።"

ባልና ሚስት ተያዩ። ማራጋዳም ጨርሳ ተነሣች፣ ሳህኗን ይዛ ወደ ማድቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተች። ኮኪላ ከኋላዋ ተከትላ ደርሳ ሳህኑን ከእጇ ያዘችው።

"ተዪው አካ፣ እኔ አጥበዋለሁ። አንቺ ሂጂ አረፍ በዪ።"

በዚህ ቤት ውስጥ ሳህኗን ማንም አጥቦላት አያውቅም። እጇ እንደራሰ ቆመች። ውሃው ይወርዳል። በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ እጇ ላይ የነበረውን ሥራ በደግነት ሊወስዱባት ነው።

"ስጪኝ" አለች።

"ኧረ ምን ችግር አለው፣ እኔ..."

"ኮኪላ፣ ሳህኑን ስጪኝ።"

ቀኑን ሙሉ ከአፏ ከወጣው ቃል ሁሉ ጮክ ያለው ይህ ነበር። ሳሎን ውስጥ የነበረው ኤሉማላይ ተሰምቶት ቀና አለ። ኮኪላ ሳህኑን ለቀቀች፤ ፊቷ ቀላ፣ ልትቆጣ ይሁን ልታለቅስ አይታወቅም። ማራጋዳም የራሷን አጠበች፣ የወንድሟን አጠበች፣ ድስቱን አጠበች። ኮኪላ ፎጣ አንሥታ ከጎኗ ቆማ ማድረቅ ጀመረች። አንዷ ታቀብላለች፣ አንዷ ትቀበላለች።

ሁሉም ሲያልቅ ማራጋዳም ከመደርደሪያው አንድ ንጹሕ ሳህን አወረደች። ሩዝ አደረገችበት፣ ከተረፈው ዓሣ እሾሁን በጣቷ እየለቀመች አወጣች፣ መረቁን ለብቻው በትንሽ ኩባያ ቀዳች፤ ያዢኒ ሩዙ ሲርስባት አትወድም። በክዳን ሸፍና ከተዘጋው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አላንኳኳችም፣ ስሟንም አልጠራችም። የማድቤቱን መብራት አጥፍታ መጋረጃዋን ሳበችና ፀጉሯ ውስጥ የጠወለገውን ጃስሚን አውጥታ ተኛች።

ብዙ ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። ክዳኑ ሲነሣ ሰማች። ልጅቷ እዚያው ቆማ ነው የምትበላው፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደራባት ታስታውቃለች። ከዚያ ባዶ እግሯ ወደ መጋረጃው ቀረበ፣ ቀረበና ቆመ። ማራጋዳም ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ነበር። አልተኛችም፣ የተኛች ለመምሰልም አልሞከረች፤ ሳሏ ሲመጣ ሳለች፣ አንሶላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ግን አልዞረችም። እግሩ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፣ በሩም ቀስ ተደርጎ ተዘጋ።